«አልተሞከረም» የተባለ ሞተር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በዚህ እትም ዓምዱን ለጀልባ ሞተር ለቀነዋል። ከሐይቅና ከአርዲቦ ዳርቻ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ደብዳቤዎች ስለ አንድ ጉዳይ የሚያወሩ ናቸው፦ በኢንተርኔት ጨረታ ስለሚሸጡ የድሮ አውትቦርድ (ከጀልባ ውጭ የሚንጠለጠሉ) ሞተሮች። ረዣዥሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥረናል። ዓመተ ምሕረት ስንጠቅስ፣ ካልተናገርን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ሐይቅ ላይ በማኅበር ተደራጅተን ጎብኚና ምዕመን ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የምናመላልስ ወጣቶች ነን። በአንድ የአሜሪካ የጨረታ ገጽ ላይ የ1950ዎቹ ጆንሰን ባለ 10 ፈረስ ጉልበት አየን። ቀለሙ አዲስ ይመስላል፣ መነሻው 150 ዶላር ነው። ሻጩ «በነፃ ይዞራል፣ አልተሞከረም» ብሎ ጽፏል። እንግባበት? — ከሐይቅ ከተማ

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። በመጀመሪያ «አልተሞከረም» የምትለውን ቃል እንያት። ሞተሩ በነፃ የሚዞር፣ ማለትም ያልተጣበቀ፣ ከሆነ ካንዴላውን ፈትቶ፣ ገመዱን ስቦ፣ ብልጭታ መኖሩን ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን ያላደረገ ሻጭ ወይ ዕቃውን አያውቀውም፣ ወይ ሞክሮ አልነሳለትም። ስለዚህ «የማይነሳ» ብላችሁ አንብቡትና ዋጋ የምትሰጡት በዚያ ልክ ይሁን። አዲስ ቀለምም ቢሆን የሚያስደስት ምልክት አይደለም። የተሰነጠቀ አሉሚኒየም፣ የተሞላ ቀዳዳና የጠፋ ጽሑፍ የሚደበቀው በቀለም ነው። የደበዘዘ ግን ያልተነካ ሞተር ይሻላል።

ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት ለሻጩ መልእክት ጻፉና የሚከተሉትን ጠይቁት። አንደኛ፣ ክዳኑ ተነሥቶ ከግራም ከቀኝም የተነሣ ፎቶ። ሁለተኛ፣ ካንዴላው ከሞተሩ ብረት ጋር ተነካክቶ ሲበልጭ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ። ሦስተኛ፣ የሁለቱም ሲሊንደር የኮምፕሬሽን (የታመቀ አየር ግፊት) ልክ። አራተኛ፣ ከታችኛው ካምቢዮ (የማርሽ ቤት) ጥቂት ዘይት በብርጭቆ ተቀድቶ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል፣ ፓራኦሊዮው (ዘይት የሚይዘው ጎማ) አልቋል ማለት ነው። ጨርሶ ውኃ ብቻ ከወጣ ደግሞ ጥርሶቹና ኩሽኔታው ዝገው ሊሆን ስለሚችል ተዉት። አምስተኛ፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ በእጅ ሲዞር ቪዲዮ፤ ዘንጉ ከተጎበጠ ሲዞር ሲወዛወዝ በግልጽ ይታያል።

ኮምፕሬሽኑን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩን ብቻውን ስለሚያይ ነው። የ1950ዎቹ ሞተሮች ሲሠሩም ኮምፕሬሽናቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ 60 ወይም 70 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። የሚያስደነግጠው የሁለቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ነው። አንዱ 70፣ ሌላው 45 ካለ የፒስተን ቀለበት ተጣብቋል ወይም ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ተቃጥሏል።

ብልጭታ ባይኖረው ግን ተስፋ አትቁረጡ። ጆንሰንና ኤቪንሩድ የአንድ ድርጅት ልጆች ስለነበሩ በውስጥ ያው ናቸው፤ አንዱ የጠፋበት ሌላው ጋ ያገኘዋል። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1970ዎቹ ከ3 እስከ 40 ፈረስ ጉልበት ያሉት ብዙዎቹ ሞዴሎች ተመሳሳይ ቦቢና (ለብልጭታው ኃይል የሚያመነጭ ጥቅል ሽቦ) ይጠቀማሉ። የመለዋወጫ ቁጥሩ 584477 ነው፤ ፑንቲናው (እየከፈተና እየዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሣው) 580148፣ ኮንደንሰሩ 580422። የዚያ ዘመን ቦቢና መሸፈኛው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን በፎቶ ካያችሁ ሁለቱንም ቦቢናዎች እንደምትቀይሩ አስቡና ዋጋውን ደምሩት። የፑንቲናው ክፍተት 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ቮላኖውን (ከላይ የሚሽከረከረውን ከባድ ጎማ) ለማውጣት መንቀያ ይግዙለት፤ በመዶሻ የተመታ ቮላኖ ክራንኩን ይዞ ይጠፋል።

አሁን ብዙ ገዢ የሚታለልበት ነገር። የዚያ ዘመን ጆንሰንና ኤቪንሩድ ብዙዎቹ የቤንዚን ፓምፕ የላቸውም። ከሞተሩ ወደ ታንኩ የሚሄደው ቱቦ ጥንድ ነው፤ በአንዱ ሞተሩ አየር እየነፋ ታንኩን ያጨናንቀዋል፣ በሌላው ቤንዚኑ ይመለሳል። ታንኩ አብሮ ካልተሸጠ ሞተሩ ብቻውን አይሠራም። ታንኩ ቢኖርም የስልሳና የሰባ ዓመት ጓርኒሲዮን ይዞ በግፊት ቤንዚን ሲረጭ ሰው ከተጫነበት ጀልባ ላይ መሆን የለበትም። መፍትሔው ከክራንኩ ቤት በሚወጣ የአየር ምት የሚሠራ ትንሽ የዲያፍራም ፓምፕ መግጠምና ተራ ባለ አንድ ቱቦ ታንክ መጠቀም ነው። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ወጪው ግን የእናንተ ነው።

የዘንጉን ርዝመት ከመጠየቃችሁ በፊት የራሳችሁን ጀልባ ለኩ። ሞተሩ ከሚታሰርበት ጠርዝ እስከ ጀልባው ሆድ ድረስ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ አጭር ዘንግ፣ 51 ገደማ ከሆነ ረጅም ዘንግ ያስፈልጋችኋል። አጭሩ ከፍ ባለ ጀልባ ላይ ፕሮፔለሩ አየር ይመታል፣ ውኃም ስለማይስብ ይግላል።

እንግዲህ እንግባ ወይ ላላችሁት፦ ታንኩ ከሌለና ሻጩ ቪዲዮ አልልክም ካለ፣ አትግቡ። ከላከና ሁለቱ ሲሊንደሮች ከተቀራረቡ ግቡ። ግን ለሰው ማመላለሻ ብቸኛ ሞተር አድርጋችሁ አትመኩበት፤ መቅዘፊያው ከጀልባው አይውረድ።

ጥያቄ፦ ሻጩ «የ1970ዎቹ ኤቪንሩድ» ይላል፣ ሌላ ሰው ደግሞ «የ80ዎቹ ነው» አለኝ። ማንን ልመን? — ከደሴ፣ ፒያሳ

መልስ፦ ሁለቱንም አትመን፣ ሰሌዳውን አንብብ። ከ1980 ወዲህ የተሠሩት ጆንሰንና ኤቪንሩድ ዓመታቸው በሞዴል ቁጥሩ ውስጥ በሁለት የላቲን ፊደል ተደብቋል። ፊደሎቹ ከ1 እስከ 9፣ በመጨረሻም 0 ሆነው በቅደም ተከተል አይ፣ ኤን፣ ቲ፣ አር፣ ኦ፣ ዲ፣ ዩ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤስ ናቸው። «ሲ ኦ» ካለ 85 ማለት ነው፤ በእኛ 1977/78። ሰሌዳው ከተነቀለ ክዳኑ ሥር በሞተሩ ብረት ላይ የተመታች ክብ ቆብ አለች፤ ቁጥሩ እርሷም ላይ ይገኛል። ሁለቱም ከሌሉ ሻጩን «ለምን?» ብለህ ጠይቅ። ባለቤቱ የማይታወቅ ሞተር ጉምሩክ ላይም ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ጨረታውን በ350 ዶላር ብናሸንፍ ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንት ይሆናል? ደግሞስ ጨረታው ሁልጊዜ ሌሊት የሚያልቀው ለምንድን ነው? — ከኮምቦልቻ፣ አነስተኛ ጋራዥ ያለን

መልስ፦ ምሳሌ እንሥራ። የማጓጓዣዎቹን ቁጥር ግምት አድርጉትና የራሳችሁን ዋጋ ተኩበት። 350 ዶላር አሸነፋችሁ። ብዙ የጨረታ ቤቶች ከአሸናፊው ላይ የገዢ ኮሚሽን ይወስዳሉ፤ 18 በመቶ ቢሆን 63 ዶላር፣ 413 ገባ። ማሸጊያ ሣጥንና እስከ ወደብ ማጓጓዣ 140 ብንል 553። በጋራ ኮንቴይነር የባሕር ጭነት 220፣ ኢንሹራንስ 10፤ ድምሩ 783 ዶላር። ቀረጥ የሚሰላው በ350ው ሳይሆን ኢንሹራንስንና ጭነትን በጨመረው በዚህ ድምር ላይ ነው። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ብቻውን በ783ቱ ላይ ቢሰላ 117 ዶላር ከ45 ሳንቲም ነው፤ ቀረጡ ሲጨመርበት ታክሱም አብሮ ያድጋል፣ ምክንያቱም የሚሰላው ከቀረጡ በኋላ ባለው ዋጋ ላይ ነው። እንግዲህ 350 የነበረው ከዚህ ታክስ ጋር ብቻ 900 አለፈ፤ የወደብ፣ የአስተላላፊና የመኪና ገና አልተቆጠረም።

አስተላላፊውን ስታነጋግሩ «ሞተር» ብቻ አትበሉ። ከጀልባ ውጭ የሚንጠለጠል የቤንዚን ሞተር የታሪፍ ቁጥሩ 8407.21 ነው፤ ጀልባ ውስጥ የሚተከል ናፍጣ ሞተር ደግሞ 8408.10 ውስጥ ይወድቃል። ምጣኔውን በዚህ ቁጥር ጠይቁ። የውጭ ምንዛሪውንና የአስመጪነት ፈቃዱን ጉዳይ ከባንካችሁ ጋር የምትጨርሱት ጨረታው ከመከፈቱ በፊት ነው። ካሸነፉ በኋላ ገንዘብ መፈለግ ተቀማጭን የሚያስበላ ነገር ነው፤ የሲ.ፒ.ኦ. ጨረታ የለመደ ሰው ይህን አይስተውም። ዕቃው በራሳችሁ ከተማ ባለው ደረቅ ወደብ እንዲጠናቀቅ መድረሻውን በጭነት ሰነዱ ላይ ቀድማችሁ አስጽፉ፤ ሌላ ቦታ ከወረደ በኋላ ማዛወር ጊዜና ገንዘብ ነው።

ሌሊቱን በተመለከተ፣ ሻጮቹ የሚዘጉት በራሳቸው አገር ሰው ቤቱ በሚቀመጥበት ምሽት ስለሆነ ነው። በኒው ዮርክ በራሳቸው አቆጣጠር ከምሽቱ 8 ሰዓት የሚያልቅ ጨረታ በበጋቸው ለእኛ ሌሊት 9 ሰዓት፣ በክረምታቸው ሌሊት 10 ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ ቀን አቆጣጠርም ለእኛ ማግስት ይሆናል። ለንደን 8 ሰዓት ምሽት ላይ የሚዘጋው ደግሞ በበጋቸው ማታ 4 ሰዓት፣ በክረምታቸው 5 ሰዓት ነው። መብራትና ኔትወርክ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቃላችሁ። ስለዚህ በመጨረሻዋ ደቂቃ እሽቅድምድም ውስጥ አትግቡ። አብዛኞቹ ገጾች ከፍተኛውን ዋጋ በምስጢር ይቀበሉና ሌላው በጨመረ ቁጥር በትንሽ በትንሹ እነርሱ ያነሡላችኋል። ከላይ እንዳሰላነው ከኮምቦልቻ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ጣሪያችሁን አስገቡና ተኙ። ጠዋት ተበልጣችሁ ከሆነ፣ ሌላው ሰው ከእናንተ ስሌት በላይ ከፍሏል፤ ይክፈል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። ቤቴ ውስጥ «ሲገል» የሚባል የእንግሊዝ ሞተር ብዙ ዘመን ተቀምጧል። ውጭ አገር ያለው የልጅ ልጄ በጨረታ ልሽጥልህ አለኝ። ቀለም ቀብቼ ልላክለት ወይ? ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት ነጭ ሆኗል፤ ተበላሽቷል? — ከሐይቅ አካባቢ፣ የእድሜ ባለጸጋ

መልስ፦ አባታችን፣ እንኳን ደህና ከረሙ። ቀለሙን ይተዉት። ይህን ሞተር የሚገዛው ሰው የሚከፍለው ላልተነካ ነገር ነው፤ የቆየው ጽሑፍ፣ የተቧጨረው ክራንክ ቤት፣ የናስ ታንከር ካለው ናሱ፣ ሁሉም እንዳለ ይሂድ። በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት ይበቃል፤ በአሸዋ ወረቀት አይነካ። ክራንክ ቤቱ ላይ የተመታውን ፊደልና ቁጥር ግን ኖራ ወይም ዱቄት ቀባ ያድርጉበትና እንዲነበብ አድርገው ፎቶ ያስነሡት። ሰብሳቢዎች ሞዴሉን የሚለዩት በዚያ ነው።

ነጩ ዘይት አያሳስብዎት። ለሐይቅ ልጆች «ወተት የመሰለ ዘይት መጥፎ ነው» ብለናል፤ ያ ለጆንሰንና ለመሰሎቹ ነው። ሲገል ግን ካምቢዮው እንደ ሌሎቹ በደንብ የተደፈነ አይደለም፤ ውኃ ይገባዋል ተብሎ የተሠራ ነው። ለዚህም ነው 140 ቁጥር ወፍራም ዘይት የሚገባበት። ውኃና ዘይት ተደባልቆ ነጭ ቢሆንም ሥራውን ይሠራል። ይሁን እንጂ ከመላኩ በፊት ዘይቱ ተደፍቶ በአዲስ ይተካ፤ ማስታወቂያው ላይም የድሮው ዘይት ነጭ እንደነበረ ይጻፍ። የሚያውቅ ገዢ ይህን ሲያነብ እምነቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

እንዲነሣ ሲሞክሩት ሁለት ጥንቃቄ አለ። ብዙዎቹ ሲገሎች ፍሪሲዮን የላቸውም፤ ገመዱ ሲሳብ ፕሮፔለሩም አብሮ ይዞራል፣ ስለዚህ ልጆች ይራቁ። በ200 ሊትር በርሜል ውኃ ውስጥ ካልሆነ አይነሣ፤ በደረቁ ከዞረ ማቀዝቀዣ ውኃ ስለማያገኝ ይግላል። የዘይቱ ድብልቅ ለጥንቶቹ በአሥር ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ነው፣ ለኋለኞቹ በ25 ሊትር አንድ። የትኛው እንደሆነ ካልተለየ ለሙከራ የመጀመሪያውን ይጠቀሙ፤ ጭሱ ይበዛል እንጂ ሞተሩን አይጎዳም።

ኮምፕሬሽኑን እዚያው ሐይቅ ካስለኩት፣ ከፍታውን አብረው ያስጽፉ። ይህ ብዙ ወሎዬ ሻጭ ሳያውቀው የሚከስርበት ነው። ሐይቅ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ የባሕር ዳርቻውን አየር 79 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ለንደን ላይ 120 የሚያሳይ ሲሊንደር ሐይቅ ላይ 95 ገደማ ብቻ ያሳያል። የእንግሊዝ ገዢ 95 ሲያይ «ያረጀ ሞተር» ብሎ ዋጋ ያወርዳል። አንድ መስመር ብትጨመር፣ «የተለካው በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው» ብላ፣ ያንን ትከላከላለች።

ስለ ማሸጊያው፦ ቤንዚኑ ከታንከሩም ከካርቡሬተሩም እስከ ጠብታዋ ይውጣ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ጥላ ሥር ነፋስ ላይ ሦስት ቀን ይቆይ። ቤንዚን የሚሸት ሞተር በአየር ጭነት እንደ አደገኛ ዕቃ ይቆጠራል፤ የመለያ ቁጥሩ ዩ.ኤን. 3528 ነው፣ ያለ ሰነዱ አይጫንም። ፕሮፔለሩ ተፈትቶ ለብቻው ይጠቅለል። የእንጨት ሣጥን ከሆነ እንጨቱ በሙቀት የታከመና ማኅተም ያለበት መሆኑን ይጠይቁ፤ ዓለም አቀፉ ደንብ እንጨቱ እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ እንዲሞቅ ይላል። ያልታከመ እንጨት መድረሻው ወደብ ላይ ሣጥኑን ከነዕቃው ሊያስመልስ ይችላል።

ዋጋውን በተመለከተ ግን ተስፋዎ ከልክ እንዳያልፍ። ሲገል ከ1931 እስከ 1996 በብዛት ሲሠራ የኖረ ሞተር ነው፤ እንግሊዝ አገር ብርቅ አይደለም። የማጓጓዣው ዋጋ ከሽያጩ እንዳይበልጥ የልጅ ልጅዎ በቅርቡ የተሸጡትን የዚያው ሞዴል ዋጋዎች ይይ። ሻጮች የሚመኙትን ሳይሆን ገዢዎች የከፈሉትን ማለታችን ነው። ካላዋጣ እዚያው ሐይቅ ላይ ለሚሠራበት ሰው መሸጥ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ 15 ፈረስ ጉልበት፣ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ፎቶው ያምራል። ምን ልይ? — ከመርሳ

መልስ፦ ጨው። የባሕር ሞተር ከላይ ያበራል፣ ከውስጥ የውኃ መተላለፊያው በጨው ይደፈናል፣ ቡሎኖቹም ከአሉሚኒየሙ ጋር ይጣበቃሉ። የቴርሞስታቱን ክዳን አስፈትተህ ውስጡን በፎቶ አሳየኝ በል። ሻጩ «ቡሎኑ አይፈታም» ካለህ መልሱን አገኘህ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት በጨረታ ያገኘሁት የድሮ ኤቪንሩድ በቪዲዮው ላይ እንደ መኪና ነበር የሚሄደው። ሐይቅ ላይ ግን ጥቁር ጭስ ያበዛል፣ አይፈጥንም። ሜካኒኩ ዘይት በዝቶ ነው ብሎ ቀነሰልኝ፤ ጭሱ ያው ነው። ተታለልኩ? — እህታችሁ፣ ከሐይቅ

መልስ፦ እህታችን፣ አልተታለልሽም፤ አየሩ ሳስቶብሻል። ዘይቱን ግን ዛሬውኑ ወደ ቦታው መልሺ። ሁለት ምት ሞተር ፒስተኑንና ኩሽኔታውን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የተቀላቀለው ዘይት ብቻ ነው፤ ጭስ ለመቀነስ ዘይት መቀነስ ሞተሩን መግደል ነው። ከ1964 በፊት ለተሠሩት ብዙዎቹ ኤቪንሩዶች በ20 ሊትር ጀሪካን 830 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ለ50 ለሚሠሩት ለኋለኞቹ 400 ሚሊ ሊትር ነው። ዘይቱም ቆርቆሮው ላይ «ቲ.ሲ.–ደብልዩ 3» የሚል የጀልባ ዘይት ይሁን። የሞተር ሳይክል ዘይት ለሚግል ሞተር የተሠራ ነው፤ በውኃ በሚቀዘቅዘው ላይ አመድና ካርቦን ይከምራል።

ጥቁሩ ጭስ የሚመጣው ከቤንዚን መብዛት ነው። ካርቡሬተሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ተስተካክሎ መጣ፤ እዚህ አየሩ አንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሷል፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም። ጉልበቱም ከዚያው ጋር ስለሚወርድ አሥሩ ፈረስ ስምንት ቢሆን ነው፤ እርሱን በማስተካከል አናመጣውም፣ የጠፋውን ቀሪ ግን እናመጣለን።

የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ኤቪንሩድ ከሆነ ካርቡሬተሩ ፊት ሁለት የሚዞሩ መርፌዎች አሉት። ሁለቱንም በቀስታ እስከሚነኩ ዝጊ፤ ካጠበቅሽ ጫፋቸው ይበላሻል። ለዝግታው አንድ ዙር ተኩል፣ ለፍጥነቱ አንድ ዙር ክፈቺ። ሞተሩን ሐይቁ ላይ፣ ጀልባው ላይ ሰው ተጭኖ፣ አሥር ደቂቃ አሙቂው፤ በርሜል ውስጥ ይህ አይሠራም፣ ጭነት የለውምና። ሙሉ ቤንዚን ሰጥተሽ የፍጥነቱን መርፌ በአንድ ስምንተኛ ዙር ዝጊ፣ ጥቂት ጠብቂ፣ ደግመሽ ዝጊ። ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ከዚያ ሲዘጋ ሞተሩ መንተፋተፍ ይጀምራል። እዚያ ስትደርሺ አንድ ስምንተኛ መልሰሽ ክፈቺና ተዪው። ትንሽ ወፈር ያለ ይሻላል፤ የሳሳ ድብልቅ ፒስተን ይበሳል። ካንዴላውን ፈትተሽ እዪ፦ ፈዛዛ ቡና ዓይነት ከሆነ ልክ ነው፣ ነጭ ከሆነ አሳስተሻልና ክፈቺ።

መርፌ የሌለው የኋለኛ ዘመን ካርቡሬተር ከሆነ ቤንዚን የምታልፍባት ባለቀዳዳ ናስ (ጄት) በአንድ ቁጥር ባነሰች ትቀየራለች። ቀዳዳዋን በሽቦ የሚያሰፋ ሜካኒክ አይንካው፤ አንዴ ከሰፋች አትጠብም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሞተሩ ዙሩን ሙሉ ካልደረሰ ፕሮፔለሩ ከብዶበታል። የፕሮፔለሩ ምላስ ዘንበል ያለበት ልክ «ፒች» ይባላል፤ ማዕከሉ ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች ሁለተኛው ነው። በአንድ ኢንች ያነሰ ፒች ዙሩን በደቂቃ 200 ያህል ያነሣዋል። በአርዲቦ ለምትጠቀሙም ይኸው ይሠራል፤ አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ይላልና መርፌውን እዚያው ደግማችሁ ማየት ይኖርባችኋል።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ከጨረታው ገጽ ውጭ በቀጥታ ብትልክልኝ 100 ዶላር እቀንስልሃለሁ» አለኝ። — ከወልድያ

መልስ፦ አትላክ። ከገጹ ውጭ የተከፈለ ገንዘብ ላይ ገጹ ምንም ዓይነት ዋስትና አይሰጥም፤ የሚቀነስልህ መቶ ዶላርም የራስህ ዋስትና ዋጋ ነው።